ሞክሼዎቹ

ወረቀቱ ዛሬም አለኝ። ከደብተር የተገነጠለ ነጠላ ገጽ ነው። በእርሳስ የተጻፉ ሁለት መስመሮች አሉበት፦

192.168.1.20 — 52:54:00:12:34:56
192.168.1.21 — 52:54:00:12:34:56

ሁለተኛውን መስመር ስጨርስ እርሳሱን እንደያዝኩ ፈዝዤ ቀረሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ኬብል እየነቀልኩ ስሰካ፣ ስዊች እያጠፋሁ ሳበራ የከረምኩበት ብልሽት እዚያች ብጣሽ ወረቀት ላይ ቁጭ ብሏል። በእነዚያ ሦስት ቀናት የሰው ሥራ ቆሞ ነበር። ታሪኩን ባነሳሁ ቁጥር ቀድሞ የሚከነክነኝም ይኸው ነው።

ጊዜው 2005 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ መካከለኛ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተሩ ሥራ በእኔ እጅ ነበር። ደህና የሚባል ሰርቨር ያለን አንድ ብቻ ሲሆን ሥራው ግን ሁለት ነው፤ ሠራተኛው ሁሉ ሰነዱን የሚያስቀምጥበት የፋይል ማከማቻና የንብረት ክፍሉ መመዝገቢያ። አንዱ ሲታደስ ሌላው አብሮ እንዳይወድቅ ለየብቻ እንዲኖሩ ፈለግሁ። ስለዚህ ሰርቨሩ ላይ ሊኑክስ ጫንኩና በኬቪኤም ሁለት ቨርቹዋል ማሽን ላቆም ተነሳሁ። ኬቪኤም ያኔም አዲስ ነገር አልነበረም፤ ኩምራኔት በተባለ የእስራኤል ኩባንያ ውስጥ አቪ ኪቪቲ የጀመረው ሥራ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2007 መጀመሪያ ከሊኑክስ ከርነል 2.6.20 ጋር ወጥቷል። ማሽኖቹን ማቆሙ ቀላል ነበር። ያስቸገረኝ ኔትወርካቸው ነው።

በመጀመሪያው ምሽት ግን እሱም ቀላል መስሎኝ ነበር። ምንም ሳላዘጋጅ፣ ቨርቹዋል ማሽኑን የሚያስነሳውን ፕሮግራም፣ ኪዩኢሙን፣ አስነሳሁት። ቨርቹዋል ማሽኑ 10.0.2.15 የሚል አድራሻ ይዞ ተነሳ፣ ድረ ገጽም ከፈተ። ወደ ውጭ ፒንግ ሲደረግ ብቻ መልስ የለም።

ከዚህ አድራሻ በስተጀርባ ያለውን ታሪክ ያወቅሁት ቆይቼ ነው፤ በጣምም ወደድኩት። እ.ኤ.አ. በ1995 ዳኒ ጋስፓሮቭስኪ የተባለ ሰው ስሊርፕ የሚባል ፕሮግራም ጻፈ። በዚያ ዘመን በስልክ ደውሎ ወደ ኔትወርክ የሚገባ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ትእዛዝ የሚጻፍበት የዩኒክስ አካውንት እንጂ የራሱ አይፒ አድራሻ አልነበረም። ስሊርፕ እዚያው አካውንት ውስጥ እንደ ማንኛውም ተራ ፕሮግራም ይነሳል። ከደዋዩ ኮምፒውተር የሚመጡትን ፓኬቶች ይቀበልና የራሱ ጥያቄ አስመስሎ ወደ ኢንተርኔት ይልካል፤ መልሱንም ለደዋዩ ያቀብላል። ለዚህ ሁሉ የአስተዳዳሪ ፈቃድ አያሻውም። ፋብሪስ ቤላርድ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው ኪዩኢሙ ይህን ኮድ ኋላ ላይ ወረሰ። በደዋዩ ኮምፒውተር ፋንታ ቨርቹዋል ማሽኑ ገባ ማለት ነው። 10.0.2.2 መውጫ በሩ፣ 10.0.2.3 ስም ፈቺው፣ 10.0.2.15 ማሽኑ ራሱ። ፒንጉ የማይወጣውም ለዚሁ ነው፤ ተራ ፕሮግራም ጥሬ የፒንግ ፓኬት ወደ ውጭ የመላክ ሥልጣን አልነበረውም። ዛሬም ስንት ጀማሪ ድረ ገጽ እየተከፈተለት ፒንግ ስላልመለሰ ብቻ «ኔትወርክ የለም» ብሎ ደኅናውን ሲያፈርስ አያለሁ።

ይህ መንገድ ለመሞከሪያ ይበቃል። ለእኔ ግን አልሆነኝም፤ ከውጭ ማንም ሰው ወደ ውስጥ አይገባበትምና። ሠራተኛው የማይደርስበት የፋይል ማከማቻ ምን ይሠራል?

ሁለተኛው መንገድ ናት የሚባለው ነው። እኛ አገር ደብዳቤ በፖስታ ሳጥን ቁጥር እንጂ በቤት ቁጥር አይመጣም። አንድ መሥሪያ ቤት በውስጡ ሃምሳ ሰው ቢኖር ሳጥኑ አንድ ነው። የወጣውን ደብዳቤ ማን እንደላከው መዝገብ ቤቱ ይመዘግባል፤ መልሱ ሲመጣ መዝገቡን አይቶ ለባለቤቱ ያደርሳል። ናትም እንዲሁ ነው። ሊብቨርት የሚባለው ማስተዳደሪያ ሲጫን በ192.168.122 የሚጀምር የውስጥ ኔትወርክ ያዘጋጃል፤ ሆስቱ፣ ማለትም ቨርቹዋል ማሽኖቹን የተሸከመው ኮምፒውተር፣ መዝገብ ቤት ይሆናል፤ ማሽኖቹ ሁሉ በሆስቱ አድራሻ ይወጣሉ። ለላፕቶፕ ከዚህ የተሻለ የለም። በተለይ ዋይፋይ ላይ ላለ ሰው እንዲያውም ሌላ ምርጫ የለውም ማለት ይቻላል፤ የዋይፋይ ጣቢያው የሚቀበለው ተመዝግቦ የገባውን ካርድ ብቻ ስለሆነ፣ ከዚያው ካርድ በስተጀርባ በሌላ ማክ አድራሻ፣ ማለትም በሌላ የካርድ መለያ ቁጥር፣ የሚናገር ማሽን ፍሬሙ ይጣልበታል። ይህን ባለማወቅ በላፕቶፕ ላይ ቀጥሎ የማነሳውን ብሪጅ ሲሞክሩ ያመሹ ልጆች አውቃለሁ።

እኔ የምፈልገው ሁለቱም ማሽኖች እንደማንኛውም ኮምፒውተር በመሥሪያ ቤቱ ኔትወርክ ላይ በገዛ አድራሻቸው እንዲታወቁ ነበር። ይኸ ሦስተኛው መንገድ፣ ብሪጅ፣ ነው። ብሪጅ ማለት በሊኑክስ ከርነል ውስጥ ያለ ስዊች ነው። አንደኛው ቀዳዳው ላይ እውነተኛው የኔትወርክ ካርድ ይሰካል፣ ሌሎቹ ላይ ታፕ የሚባሉ የሐሳብ ኬብሎች። የእያንዳንዱ ታፕ ሌላኛው ጫፍ አንድ ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ነው።

ብሪጁን የሠራሁት ከቤቴ ሆኜ፣ ማታ፣ በኤስኤስኤች ገብቼ ነው። ኢቲኤች0 የሚባለውን ካርድ ብሪጁ ውስጥ አስገባሁትና መስኮቱ ድርቅ አለ። ብጠብቅ ብጠብቅ የለም። አንድ ካርድ የብሪጅ አባል ሲሆን ካርድነቱ ቀርቶ የስዊች ቀዳዳ ይሆናል፤ የመጣለትን ሁሉ ለብሪጁ ያስረክባል። ስለዚህ የሆስቱ አይፒ አድራሻ ከካርዱ ተነሥቶ ወደ ብሪጁ መዛወር አለበት። እኔ አድራሻውን ካርዱ ላይ ትቼው ነበርና የቆምኩበትን ቅርንጫፍ ቆረጥኩት። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ታክሲ ይዤ ሄድኩ። የጥበቃው አባባ በፋኖስ እያበሩልኝ ከፈቱልኝ። ከዚያ ወዲህ በርቀት ኔትወርክ የምነካ ከሆነ ትእዛዞቹን ሁሉ በአንድ ፋይል ጽፌ አንድ ላይ አስኬዳቸዋለሁ፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ከአምስት ደቂቃ በኋላ የድሮውን ሁኔታ በራሱ የሚመልስ ትእዛዝ አስይዛለሁ። ከተሳካልኝ እሰርዘዋለሁ፤ ካልተሳካልኝ ሰርቨሩ ራሱ በሩን መልሶ ይከፍትልኛል።

ይህ ግን የአንድ ሌሊት ጣጣ ነበር። ዋናው የመጣው ሁለቱን ማሽኖች ሥራ ላይ ካዋልኳቸው በኋላ ነው።

ሰኞ ጠዋት የመዝገብ ቤቷ እትዬ ደወሉ። «ልጄ፣ ፋይሌ ግማሽ መንገድ ላይ እየቆመ አስቸገረኝ። አንዴ ይሄዳል፣ አንዴ ይሞታል።» ሄጄ አየሁት። እውነታቸውን ነው። ፋይሉ መገልበጥ ይጀምራል፣ ይቆማል፣ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ይቀጥላል፣ አንዳንዴም ጨርሶ ይቋረጣል። ፒንግ ሳደርግ ጥቂት ይመለሳል፣ ጥቂት ይጠፋል። ኬብላቸውን ቀየርኩ። የስዊቹን ቀዳዳ ቀየርኩ። ማክሰኞ የፋይል ማከማቻውን ቅንብር ከላይ እስከ ታች ፈተሽኩት፣ አንዳንዱንም ያለ ምክንያት ለዋወጥኩት። ማታ ሁሉም ሰው ከሄደ በኋላ ስሞክረው እንደ ወንዝ ይፈሳል። «ተስተካክሏል» ብዬ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ፣ ጠዋት እትዬ ይደውላሉ። ረቡዕ ላይ ንብረት ክፍሉም መጮህ ጀመረ።

ማታ ማታ ደኅና መሆኑ ብዙ ሊነግረኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ከሰው ብዛት ጋር አያያዝኩት፤ ስዊቹ ተጨናንቆ ይሆናል አልኩ።

በመሥሪያ ቤቱ የስልኩንና የኔትወርኩን መስመር የዘረጉት አንድ አዛውንት ቴክኒሻን ነበሩ። ጋሼ ነበር የምላቸው። ቨርቹዋል ማሽን የሚባል ነገር ነክተው አያውቁም። ስዊቹን ልቀይረው ነው ስላቸው መጥተው መብራቶቹን ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩና፣

«እነዚህ ሁለት ማሽኖችህ ስማቸው ማን ይባላል?» አሉኝ።

«ፋይልና ንብረት ነው ያልኳቸው ጋሼ።»

«እሱን አይደለም። ለስዊቹ የሚነግሩትን ነው የምልህ።»

መልስ አልነበረኝም። እውነቱን ለመናገር አስቤውም አላውቅ። ወደ እትዬ ጠረጴዛ ሄድኩ። ከእሳቸው ኮምፒውተር ሁለቱንም ማሽኖች ፒንግ አደረግሁና ኮምፒውተሩ የትኛውን አይፒ በየትኛው ማክ አድራሻ እንደሚያውቀው የሚያሳየውን የአርፕ ሠንጠረዥ አወጣሁ። ከዚያ የእትዬን እርሳስ ተውሼ ሁለቱን መስመሮች ጻፍኩ።

ሁለት አይፒ፣ አንድ ማክ አድራሻ። ሞክሼዎች ናቸው።

ኪዩኢሙ ሲነሳ ለማሽኑ ማክ አድራሻ ካልሰጡት ከራሱ አንድ ያወጣል። ያ አድራሻ ሁልጊዜ 52:54:00:12:34:56 ነው። መጨረሻው ላይ ያለው 12፣ 34፣ 56 ራሱ ለጊዜው የተቀመጠ መሆኑን ይናገራል። እኔ የመጀመሪያውን ማሽን የሚያስነሳ ስክሪፕት በእጄ ጻፍኩ። ሁለተኛውን ኮፒ አድርጌ የዲስኩን ስምና የታፑን ቁጥር ብቻ ቀየርኩ። ማክ አድራሻ የሚል ቃል በሁለቱም ውስጥ የለም። ስላልጻፍኩት የሌለ መስሎኝ ነበር።

ብሪጅ እንደ ማንኛውም ስዊች የሚማረው በመስማት ነው። አንድ ፍሬም በ2ኛው ቀዳዳ ሲገባ ላኪውን አይቶ «ይህ ስም በ2 በኩል ነው» ብሎ ይይዛል። ያው ስም በ3ኛው ቀዳዳ ሲናገር ደግሞ «ወደ 3 ተዛውሯል» ይልና የቀድሞውን ይሰርዛል። ስለዚህ የፋይል ማከማቻው ሲናገር የስሙ ባለቤት እሱ ይሆናል። የንብረቱ ማሽን አንድ ቃል ሲተነፍስ ስሙ ወደ እሱ ይሄዳል፤ ለፋይል ማከማቻው የመጣው ፓኬት ንብረት በር ላይ ይደርሳል። ንብረት ደግሞ አይፒውን አይቶ «የእኔ አይደለም» ብሎ ይጥለዋል። የፋይል ማከማቻው እንደገና እስኪናገር ድረስ የእትዬ ፋይል ቆሞ ይጠብቃል። ማታ ንብረት ክፍሉ ወደ ቤቱ ሲሄድ ሁለተኛው ማሽን ዝም ይላል፤ አንዱ ብቻ ስለሚናገር ሁሉም ሰላም ነው። በትምህርት ቤት ሁለት ልጆች ስማቸውም የአባታቸውም ስም አንድ ሲሆን መምህሩ ሲጠራ ሁለቱም «አቤት» ይላሉ፤ አንዱ የቀረ ዕለት ግን ማንም ግር አይለውም።

የውጭውን ስዊች ሦስት ቀን የከሰስኩት በከንቱ ነበር። ሁለቱ ማሽኖች ከአንድ ካርድ በስተጀርባ ናቸውና ለእሱ የሚታየው በአንድ ቀዳዳ ላይ ያለ አንድ ማክ አድራሻ ነው። ምንም የሚያጠራጥር ነገር አላየም። መንታነቱ የሚታየው ሆስቱ ውስጥ ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ እዚያ አልተመለከትኩም።

ጋሼ እንዲያዩ ጠርቻቸው ብሪጁ የተማረውን የሚያሳየውን ትእዛዝ ጻፍኩ። ያ አድራሻ 2 ላይ አለ። ደገምኩት፤ 3 ላይ። ደገምኩት፤ 3። እንደገና፤ 2። ከዚያ በሁለተኛው ማሽን ታፕ ላይ የሚያልፉትን ፓኬቶች የሚያሳየውን ቲሲፒደምፕን አስነሳሁ። ወደ 192.168.1.20 የሚሄዱ ፓኬቶች በ192.168.1.21 በር ላይ ሲንጋጉ አየናቸው። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። «ይኸውልህ፣ የእትዬ ፋይል እዚህ ነው ያለው» አሉ።

መፍትሔው ስክሪፕቱ ላይ አንዲት ቃል መጨመር ነበር፤ ለሁለተኛው ማሽን በ57 የሚያልቅ አድራሻ ሰጠሁት። መነሻውን 52:54:00 አልነካሁትም። 52 በሁለትዮሽ ሲጻፍ ውስጡ አድራሻው ከፋብሪካ የወጣ ሳይሆን እዚሁ የተሰጠ መሆኑን የምታመለክት አንዲት ቢት አለች፤ ስለዚህ ከየትኛውም እውነተኛ ካርድ የፋብሪካ አድራሻ ጋር አይጋጭም።

ማሽኑን አጥፍቼ አስነሳሁት። ጭራሽ ኔትወርክ የለውም! በዚያ ሰዓት የተሰማኝን ድካም አልረሳውም። ውስጡ ስገባ ኢቲኤች0 የለም፤ ኢቲኤች1 የሚባል ምንም ያልተዋቀረ ካርድ ቆሟል። ለካ ዩዴቭ የሚባለው ክፍል መጀመሪያ ያየውን ማክ አድራሻ «ኢቲኤች0 ይህ ነው» ብሎ ፋይል ላይ መዝግቦት ነበር። አዲሱን ሲያይ ሌላ ካርድ ነው ብሎ ቀጣዩን ቁጥር ሰጠው። ከዚያ ፋይል ላይ የድሮውን መስመር ሰርዤ አስነሳሁት። የእትዬ ፋይል ሳይቆም እስከ መጨረሻው ሄደ። ሐሙስ ጠዋት አልደወሉም።

ከዚያ በኋላ ቅንብር ከመለወጤ በፊት በየበሩ ማዳመጥን ልማድ አደረግሁት። በ2010 ዓ.ም. በዚያው ሰርቨር ላይ ዶከር የሚባለው የኮንቴይነር ማስኬጃ ሲጫን ብሪጁ ላይ ያሉት ቨርቹዋል ማሽኖች በሙሉ በድንገት ከኔትወርክ ወጡ። የሚሠራው ልጅ ብሪጁን አፍርሶ እንደገና ሊሠራ ተነሥቶ ነበር። «ቆይ፣ ቅድሚያ እንስማ» አልኩት። የማሽኑ ታፕ ላይ ፓኬቱ አለ። እውነተኛው ካርድ ላይ የለም። እንግዲህ የሞተው በመካከል ነው። በመካከል ያለው ብሪጁና ፋየርዎሉ ብቻ ነው። ዶከር እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው 1.13 ጀምሮ የሚተላለፈውን ሁሉ ካልተፈቀደ በቀር የሚጥል ሕግ ያስቀምጣል፤ በብሪጅ የሚያልፉ ፍሬሞችንም ወደ ፋየርዎሉ የሚመራው የከርነል ክፍል በዚያ ላይ ነቅቶ ነበር። የተጣለውን የሚቆጥረው ቁጥር ዓይናችን እያየ ይጨምር ነበር። ለብሪጁ የሚፈቅድ አንድ ሕግ ጨመርን፤ ሁሉም ተመለሰ። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም።

ሞክሼዎቹ ግን በሌላ ልብስ እንደገና መጡ። በ2011 ዓ.ም. ከአንድ የኡቡንቱ 18.04 ዲስክ አራት ማሽን ገለበጥን። ያኔ በሊብቨርት ነበር የምንሠራው፤ ሊብቨርት ደግሞ ማክ አድራሻ ላልተሰጠው ማሽን የመጨረሻዎቹን ሦስት ጥንዶች በዕጣ ያወጣለታል። 16,777,216 ዓይነት ሊሆን ስለሚችል በአንድ ቢሮ ውስጥ መገጣጠሙ አያሳስብም። ማክ አድራሻቸውን አየሁ፤ አራቱም የተለያየ ነው። አይፒ የሚያድለው ዲኤችሲፒ ግን ለአራቱም አንድ አይፒ ሰጣቸው። በዚህ ጊዜ ሦስት ቀን አልባከንኩም። ጥያቄው የጋሼ ነው፤ ለዲኤችሲፒው የሚነግሩት ስም ማነው? በዚያ ኡቡንቱ አድራሻ የሚጠይቀው ክፍል ራሱን የሚያስተዋውቀው በማክ አድራሻው ሳይሆን ከማሽኑ መለያ ፋይል በወጣ ቁጥር ነው። ያ ፋይል መጀመሪያ ሲጫን የተጻፈ ሲሆን ዲስኩ ሲገለበጥ አብሮ ተገልብጧል። በየማሽኑ ገብተን ፋይሉን ባዶ አድርገን አስነሳናቸው። እያንዳንዱ የራሱን መለያ ጻፈ፤ አራት አይፒ መጣ።

ከእርሳሱ ወረቀት ሳምንት በኋላ ጋሼ በካርቶን ላይ ሠንጠረዥ አስምረው የሰርቨር ክፍሉ በር ጀርባ ላይ ለጠፉት። አምዶቹን የጻፉት ራሳቸው ናቸው፤ የማሽኑ ስም፣ ማክ አድራሻ፣ አይፒ፣ ታፕ፣ የተነሳበት ቀን። አዲስ ማሽን ከመነሳቱ በፊት ረድፉ ይሞላል፤ ሲሞላም ከላይ ያሉት ይነበባሉ። ጋሼ ጡረታ ወጡ፤ ካርቶኑ እዚያው ቆየ። በ2012 ዓ.ም. መሥሪያ ቤቱን ስለቅ 11 ረድፍ ደርሶ ነበር። የመጨረሻው የእኔ እጅ ጽሕፈት አይደለም። በእኔ ቦታ የተቀጠረችው ልጅ ናት የሞላችው፤ ከማክ አድራሻው ሥር ሁለት ጊዜ አስምራበታለች፤ አጠገቡም የማሽን መለያ የሚል አዲስ አምድ በቀይ እስክሪብቶ ጨምራለች።